«አይስተናገድም!»

በየዓመቱ ክረምቱ ወጥቶ ማሽላው ማሸት ሲጀምር አንድ ማስታወቂያ ይወጣል። ድሮ በሬዲዮና በጋዜጣ ይነገር ነበር፤ ዛሬ በቴሌቪዥን፣ በቴሌግራምና በፌስቡክ ይለቀቃል። መንገዱ ተለወጠ እንጂ ቋንቋው አልተለወጠም። «አዲስ ለተመደባችሁ ተማሪዎች በሙሉ» ብሎ ይጀምርና ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይቆርጣል። ከዚያ ዝርዝሩ ይከተላል፦ የስምንተኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትራንስክሪፕት፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት፣ ሁሉም ዋናውና ኮፒው፤ ጉርድ ፎቶግራፍ፤ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ጨርቅ፤ የስፖርት ትጥቅ። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ የመጨረሻዋ መስመር ትመጣለች፦ ከተጠቀሱት ቀናት በፊትም ሆነ በኋላ የሚመጣ ተማሪ አይስተናገድም።

ይህ ጽሑፍ በዚህች በመጨረሻዋ ቃል ላይ የተነሣ ክርክር ነው። ስለ ብርድ ልብሱ አንከራከርም፤ ብርድ አለ። ስለ ፎቶግራፉም አንከራከርም፤ የሰው መልክ መታወቅ አለበት። «አይስተናገድም» ስለምትለዋ ግን ዝም ብለን አናልፍም።

አንባቢ ሆይ፣ ማስተናገድ ማለት ምን ማለት ነው? እንግዳን መቀበል፣ ማሳረፍ፣ ውኃ ማቅረብ፣ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ማለት ነው። በሐረርጌ ምድር በርጫ ዘርግቶ የተቀመጠ ሰው የሚያልፈውን «ና፣ ቁጭ በል» ሳይለው አይቀርም። ዝናብ የመታው መንገደኛ በር ሲያንኳኳ «ቀንህ ትናንት ነበር» የሚለው ገበሬ እስከ ዛሬ አልተወለደም። እንግዲህ ይህን የመሰለ ቃል ወስዶ፣ ከፊቱ «አይ» ከኋላው «ም» ለጥፎ፣ ከወረዳው ወጥቶ ለማያውቅ የ18 ዓመት ልጅ የመጀመሪያ ሰላምታ ማድረግ ምን የሚሉት ትምህርት ነው? ዩኒቨርሲቲ ለአዲስ ተማሪው የሚናገረው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ማስፈራሪያ ሲሆን፣ የመጨረሻው ምን ሊሆን ነው?

ለመሆኑ የሚጠራው ማነው? በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ተሰጠ። ለፈተናው የተቀመጡት 896,520 ተማሪዎች ነበሩ። ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፤ ከመቶ 3.3 መሆኑ ነው። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም። በተከታዩ ዓመት ፈተና ያለፉት 27,267 ሆኑ፤ ከመቶ 3.2። የ2016ቱ ውጤት ከመቶ 5.4፣ የ2017ቱ ደግሞ ከመቶ 8.4 ደረሰ። ተሻሻለ እንበል፤ ደስ ይበለን። ሆኖም ከመቶ ልጅ ከዘጠና የሚበልጠው አሁንም በር ላይ ይቀራል። ከሃምሳ በታች ካመጡት ውስጥ የተወሰኑት ሪሚዲያል በሚባለው መንገድ ሌላ ዕድል ያገኛሉ፤ የቀረው ወደ እርሻው፣ ወደ ጉሊቱ፣ ወደ ባጃጁ፣ ካልሆነም ወደ ጅቡቲና ወደ ሳዑዲ መንገድ ይበተናል።

በእንዲህ ያለ አገር ያለፈው ልጅ እንደ እንቁላል መያዝ ነበረበት። የአሥራ ሁለት ዓመት ልፋት፣ የአባትና የእናት ጉልበት፣ የመንግሥት ገንዘብ ተጠራቅሞ የወጣው ፍሬ እርሱ ነው። ይህ ፍሬ በሦስት ቀንና በአንድ ጎደሎ ኮፒ ምክንያት ሊወድቅ ይገባልን? ፈተናውን ያለፈ ልጅ ምዝገባውን ሲወድቅ፣ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ማለት ይህ አይደለምን?

አሁን ነገሩን ከአዲስ አበባ ወይም ከጭሮ ከተማ ሳይሆን ከመሰላ እንየው። መሰላ በምዕራብ ሐረርጌ ዞን ያለች ወረዳ ናት። የዞኑ ዋና ከተማ ጭሮ ነው፤ ሽማግሌዎቹ እስከ ዛሬ አሰበ ተፈሪ የሚሉት። ከጭሮ እስከ አዲስ አበባ 326 ኪሎ ሜትር ነው። የመሰላ ገበሬ የሚኖረው በማሽላ፣ በበቆሎ፣ በጫትና በቡና ነው። ማሽላው የሚሰበሰበው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ቡናውም ያኔ ይለቀማል። የዩኒቨርሲቲው ጥሪ ግን ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ማሽላው ገና በቆመበት፣ ጎተራው በተራቆተበት፣ ያለፈው ዓመት ብድር ባልተከፈለበት ሰዓት ነው። ያኔ ገበሬው እጅ ላይ ያለው ጫቱ ብቻ ነው፤ ጫት ደግሞ በጠዋት ተቆርጦ በጠዋት ካልተሸጠ ገንዘብ አይደለም፣ ቅጠል ነው። በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. እንደሆነው ድርቅ ከገባ ደግሞ ቅጠሉም የለም።

እስቲ ቀኑን እንቁጠር። ማስታወቂያው ወጣ። ኔትወርክ ባለበት ቀበሌ ያለ ልጅ በዕለቱ ያያል፤ በሌለበት ያለው ገበያ ወጥቶ ከሰው አፍ ይሰማል፤ ሁለት ሦስት ቀን ሄደ። ስምንተኛን የተማረበት ትምህርት ቤት አንድ ቦታ ነው፣ ሁለተኛ ደረጃው ሌላ ቦታ ነው። ርዕሰ መምህሩ ለስብሰባ ዞን ሄደዋል። ማኅተሙ የተቆለፈበት ቁልፍ ከርዕሰ መምህሩ ኪስ ነው። ሁለት ቀን። ትራንስክሪፕቱ ተገኘ፤ ኮፒ ለማድረግ መብራት የለም። ፎቶግራፍ ለመነሣት ወደ ከተማ መውጣት ያስፈልጋል፤ በጫት አይሱዙ ተንጠልጥሎ ሄደ እንበል። ሌላ ቀን። አባትየው ፍየሏን ለገበያ ቀን ያቆያታል፤ ገበያው በሳምንት አንዴ ነው። አንሶላና ብርድ ልብስ ተገዛ።

አሁን መንገድ ይጀመራል። ምደባው አሶሳ ነው እንበል። ከጭሮ ሌሊት ተነሥቶ አዲስ አበባ ይገባል፤ መናኸሪያ አጠገብ አልጋ ይዞ ያድራል። ከአዲስ አበባ አሶሳ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መንገድ ላይ ሌላ አዳር አለ። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ብቻዋን አትላክም፤ ወንድም ወይም አጎት አብሮ ይሄዳል፣ ወጪው እጥፍ ይሆናል። ወጪው እጥፍ ሲሆን ደግሞ «ለምን ዘንድሮ አትቀርም? ለምን አትዳርም?» የሚል ዘመድ አይጠፋም። በየዓመቱ ስለ ሴቶች ትምህርት ከበሮ የሚመታው መሥሪያ ቤት፣ በአንድ መስመር ማስታወቂያ የዚያን ዘመድ ክርክር ያጠነክርለታል።

እንግዲህ ይህ ልጅ በአራተኛው ቀን ሬጅስትራሩ መስኮት ላይ ቢደርስ ዘገየ ይባላልን? እኛስ ፈጠነ እንላለን።

ነገሩ በመድረስ ብቻ አያበቃም። በኦሮሚያ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ክልላዊ ነው፤ ተማሪው በአፋን ኦሮሞ ተምሮ ሰርተፊኬቱን በቁቤ ይቀበላል። የአሥራ ሁለተኛው ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። በቁቤ ሕግ ድምፅ ሲረዝም አናባቢው ይደገማል፣ ሲጠብቅ ተነባቢው ይደገማል። በእንግሊዝኛው እንዲህ ያለ ሕግ የለም፤ ጸሐፊው ጆሮው እንደሰማ ይጽፋል። ስለዚህ ሙሐመድ በአንዱ ወረቀት መሐመድ፣ በሌላው ሞሀመድ ይሆናል። ፋጡማ በአንዱ ፋጢማ፣ በአንዱ ፋትማ ትሆናለች። አንዱ ፊደል በአንዱ ወረቀት ሁለት፣ በሌላው አንድ ነው። መስኮቱ ላይ የሚሆነውን በየግቢው ያየ ሁሉ ያውቀዋል።

«አንተ፣ ይህ ስም ያንተ አይደለም።»
«የእኔ ነው ጋሼ።»
«ፊደሉ ይለያያላ! ከተማርክበት ደብዳቤ አጽፈህ ና።»

ና ማለት ቀላል ነው። ወዴት ሄዶ ነው የሚመጣው? ሦስት ቀን የመጣበትን መንገድ ሦስት ቀን ተመልሶ፣ አንድ ፊደል አስደግሞ፣ እንደገና ሦስት ቀን ተጉዞ? በዚያ ጊዜ «አይስተናገድም» የምትለዋ ቃል ሥራዋን ጨርሳለች። ይህን ልጅ ያጠፋው ስንፍናው ነው? ወይስ ሁለት የአጻጻፍ ሥርዓት ያለውን አገር አንድ የአጻጻፍ ሥርዓት ብቻ በሚያውቅ መስኮት የሚያስተዳድር ቢሮክራሲ?

ወደ ዋናው ክርክራችን እንምጣ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት ምን አደረገ? ወደ 900 ሺህ የሚጠጋ ተማሪ ከየወረዳው በአውቶቡስ አስጭኖ በሁለት ዙር ወደ ዩኒቨርሲቲዎች አስገባ። አሳደረ፣ አበላ፣ ፈተነ፣ መልሶ ላከ። ምክንያቱም ተነግሮናል፤ ኩረጃና የፈተና ስርቆት ይቅር ተባለ። መልካም። ሥራው ከባድ ነበር፤ ተሠራ። እንግዲያው ጥያቄ አለን። ለመፈተን 900 ሺህ ልጅ ማጓጓዝ የቻለ መንግሥት፣ ያለፉትን 30 ሺህ ለማስመዝገብ ሲሆን እንዴት «በራሳችሁ ኑ፣ ካረፈዳችሁ ቅሩ» ይላል? ልጁ እንዲወድቅ ሲሆን አውቶቡስ ተገኘ፤ ካለፈ በኋላ አውቶቡሱ የት ሄደ?

ደግሞም ልብ በሉ። ፈተናውን የሰጠው የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ነው። የተማሪው ስም፣ ፎቶግራፍ፣ የመለያ ቁጥርና ውጤት በእርሱ እጅ ነው። ምደባውን የሚያወጣው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። ለዩኒቨርሲቲው የተማሪዎቹን ዝርዝር የሚልከውም ራሱ ሚኒስቴሩ ነው። ታዲያ ሚኒስቴሩ ራሱ ፈትኖ፣ ራሱ አርሞ፣ ራሱ መድቦ፣ ራሱ ስሙን የላከውን ልጅ «ማለፍህን የሚያረጋግጥ ወረቀት አምጣ» ማለት ምን ይባላል? የራስን ልጅ ወልዶ አሳድጎ «መወለድህን በሦስት ኮፒ አስረዳ» እንደማለት ነው።

ተቃዋሚዎቻችን የሚሉትን እናውቃለን። አንድ በአንድ እንመልስ።

አንደኛ፤ «ቀን ካልተቆረጠ ትርምስ ይሆናል፤ ዶርምም ምግብም ማቀድ አይቻልም» ይላሉ። እውነት ነው፣ ቀን መቆረጥ አለበት። እኛ ቀን አይቆረጥ አላልንም። ሦስት ቀን ቆርጦ በአራተኛው በር መዝጋት ግን ዕቅድ አይደለም። የተመደበው ተማሪ ቁጥር ቀድሞ ይታወቃል፤ አልጋውም በዚያው ልክ ይቆጠራል። የዘገየው ልጅ አልጋ እዚያው ባዶውን አለ። አልጋው ባዶ እያለ «ቦታ የለም» ማለት የዕቅድ ቋንቋ ሳይሆን የቁልፍ ያዥ ቋንቋ ነው።

ሁለተኛ፤ «ሐሰተኛ ማስረጃ በዝቷል፤ መጠንቀቅ ያስፈልጋል» ይላሉ። በዝቷል፣ አንክድም። በሐሰተኛ ዲግሪ ወንበር የያዙ ሰዎች መኖራቸውን መንግሥት ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። ነገር ግን ሐሰተኛ ወረቀት የሚይዘው ልጅ ፊደሉ የተዛባበት አይደለም። አጭበርባሪ ወረቀቱን አሳምሮ፣ ፊደሉን አስተካክሎ፣ ማኅተሙን አድምቆ ነው የሚመጣው። እውነተኛው ነው ወረቀቱ የተጨማደደው። ማጣራት ከተፈለገ ውጤቱ ሚኒስቴሩ ዘንድ አለ፤ ከዚያ ይጣራ። አጭበርባሪን ለመያዝ ተብሎ ድኻን ማስቀረት፣ አይጥ ለመግደል ጎተራ ማቃጠል ነው።

ሦስተኛ፤ «ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ፎርም መሙላት ካቃተው ምን ሊማር ነው?» የሚሉም አሉ። ይህ ቀልድ የሚመስል ንቀት ነው። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር። የመሰላው ልጅ ሎጋሪዝም የሚሠራ ልጅ ነው፤ ፎርም አላቃተውም። ያቃተው ርቀቱ፣ ብሩና ቀኑ ነው። እነዚህን በዕውቀት ማሸነፍ አይቻልም።

አራተኛ፤ ይህ ደግሞ ከራሳችን መካከል የሚሰማ ነው፤ «እኛም ቀን ሙሉ ተሰልፈን ነው የተመዘገብነው። ምን ይሆናሉ፣ ይልመዱት» የሚል። እንዴ! መከራ ርስት ሆነ እንዴ ከታላቅ ለታናሽ የሚወረስ? አባቶቻችን በጭሰኝነት ኖረዋል፤ ታዲያ ልጆቻቸው ጭሰኛ ይሁኑ ያለ ማን ነበር? የትናንት ሰልፍ የዛሬውን ሰልፍ ትክክል አያደርገውም። ሁለት ጊዜ ስሕተት መሆኑን ብቻ ነው የሚያሳየው።

መዘግየት የሚያስከፍለው ዋጋ በዚያች ቀን ብቻ እንዳልሆነም ይታወቅ። ቀርቶ የነበረው የፍሬሽማን ዓመት በ2012 ዓ.ም. ተመልሷል። አዲስ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት በሚያመጣው ነጥብ ተወዳድሮ ነው የትምህርት ክፍሉን የሚይዘው። እሺ፣ በልመና በደብዳቤ የዘገየው ልጅ ገባ እንበል። ሌላው የሁለት ሳምንት ሌክቸር ቀድሞታል፤ መጽሐፉን ተከፋፍሎ ወስዶታል። የመጀመሪያው ፈተና ሲመጣ ይወድቃል ወይም በጭንቅ ያልፋል። ነጥቡ ዝቅ ሲል ሕክምናው ወይም ምሕንድስናው ይቀርበታል። ስለዚህ በአንድ ትራንስክሪፕት የዘገየ አንድ ሳምንት፣ በሰው ሕይወት ሙያ ይለውጣል። ከዚያ በኋላ «ከገጠር የመጡ ልጆች ውጤታቸው ዝቅ ይላል» ተብሎ ጥናት ይቀርባል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል።

ሌላም አለ። በዚያው በምዝገባ ሰልፍ ላይ፣ ከፎርሞቹ መካከል አንዲት ወረቀት ትመጣለች፤ የወጪ መጋራት ውል። በወጪ መጋራት ደንቡ መሠረት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ የተወሰነውን ድርሻ ወደፊት ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እንዲከፍል ዕዳ የሚገባባት ወረቀት ናት። ስለ ደንቡ ጥሩነትና መጥፎነት ሌላ ጊዜ እንከራከራለን። ዛሬ የምንለው ግን፣ ይህች የዕዳ ውል ናት። ሰው አንድ በሬ ሲገዛ እንኳ ጥርሱን አይቶ፣ ሽማግሌ አስቀምጦ ነው። ልጁ ግን ከኋላው መቶ ሰው «ቶሎ በል!» እያለው፣ በማይገባው የሕግ ቋንቋ የተጻፈ የዓመታት ዕዳ ቆሞ ይፈርማል። አባትየው መሰላ ሆኖ አያውቅም። ልጁም የፈረመውን የሚያውቀው ተመርቆ ዋናውን ዲግሪ ሲጠይቅ «መጀመሪያ ክፈል» ሲባል ነው። ይህ ውል ነው ወይስ ወጥመድ?

ስለ መንገዱም ዝም ማለት አይቻልም። በኅዳር 2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎች ታግተዋል። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ በአውቶቡስ ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎች ገብረ ጉራቻ አካባቢ ታግተዋል። ይህን የመሰላ እናት በሬዲዮ ሰምታለች፤ የጎንደርም፣ የወለጋም እናት ሰምታለች። መንገድ ሲዘጋ፣ ጦርነት ሲነሣ፣ አውቶቡስ ሲቆም፣ ልጁ ነው ወይስ መንግሥት ነው የዘገየው? በየትኛውም መንገድ ደኅንነት ላይ ዋስትና መስጠት ያልቻለ ወገን፣ በመድረሻው ሰዓት ላይ ሲሆን ብቻ ቆራጥ መሆኑ ያስተዛዝባል።

እስቲ ወደ ኋላም እንይ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ተማሪዎቹ 33 ነበሩ። ሠላሳ ሦስት! ያኔ እያንዳንዱ ልጅ በስሙ ይታወቅ ነበር፤ ለ33 ሰው መስኮት አያስፈልግም። ዛሬ ቁጥሩ በዝቷል፣ መብዛቱም መልካም ነው። የበዛ ቁጥር ግን የበዛ ዘዴ ይጠይቃል እንጂ የበዛ ንቀት አይጠይቅም። ደግሞ ዘዴ አልጠፋም። ደርግ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻን ሲያውጅ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን መዝግቦ፣ ጭኖ፣ እስከ ጠረፍ በትኗል። በዘመቻው ላይ የፈለግነውን እንበል፤ ለመላክ ሲሆን ግን መንግሥት ተማሪውን ያለበት ድረስ ሄዶ ፈልጎታል። ለመማር ሲሆን ነው ልጁ መንግሥትን ፈልጎ እንዲመጣ የሚጠየቀው።

አገራችን ጨርጨርም የራሷ ታሪክ አላት። የአሰበ ተፈሪን ከተማ በ1910ዎቹ ዓ.ም. የቆረቆሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ ሰው ነበሩ። ያኔ የተራራቀው ርቀት ከመሰላ እስከ አሶሳ ካለው ይበልጥ ነበር፤ ግን የሚወስዳቸውና የሚቀበላቸው ሰው ስለነበረ ደረሱ፤ ተምረውም ተመለሱ። ከዚያም በፊት የኢቱ ሕዝብ በኦዳ ቡልቱም ዋርካ ሥር ተሰብስቦ ሕግ ሲያወጣ ኖሯል። ዛሬ ጭሮ ላይ ያለው ዩኒቨርሲቲ፣ ቀድሞ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ የነበረው፣ ስሙን የወሰደው ከዚያ ዛፍ ነው። የዛፉ ጥላ ሰብሳቢ ነበር። በስሙ የሚጠራም፣ በሌላ ስም የሚጠራም ማናቸውም ዩኒቨርሲቲ ጥላው እንዲሰበስብ እንጂ እንዲበትን አንፈልግም።

እንግዲህ ማማረር ብቻ ሥራ አይደለም፤ የምንጠይቀውን ቁልጭ አድርገን እናስቀምጥ።

ሀ) ልጁ ባለበት ይመዝገብ። የመሰላ ልጅ የትም ይመደብ የት፣ ወረቀቱን ጭሮ ላይ ባለው ዩኒቨርሲቲ ወይም በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አሳይቶ ያረጋግጥ። ሬጅስትራር ከሬጅስትራር ጋር ይነጋገር። ወረቀቱ ይጓዝ፤ ልጁ የሚጓዘው ለመማር ብቻ ይሁን።

ለ) መንግሥት እጅ ያለ ማስረጃ ከተማሪ አይጠየቅ። ውጤቱን የሰጠው አካል ለዩኒቨርሲቲው ይላክ።

ሐ) ከቁቤ፣ ከአማርኛና ከእንግሊዝኛ የተነሣ የስም አጻጻፍ ልዩነት እንደ ጥፋት አይቆጠር። መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ራሱ የሚያስተካክልበት አንድ ገጽ መመሪያ ይውጣ።

መ) የምዝገባው ጊዜ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ይሁን። ከዚያም በኋላ መንገድ ተዘግቶበት፣ ታሞ ወይም ገንዘብ አጥቶ የዘገየ ልጅ ምክንያቱ የሚሰማበት ቦታ ይኑር። ዓመቱን የሚያጣ ልጅ በጽሑፍ በታወቀ ምክንያት እንጂ በአንድ ጸሐፊ ቁጣ አያጣ።

ሠ) ለፈተና የተገኘው አውቶቡስ ለምዝገባም ይገኝ። በተለይ ለሴቶችና ለሩቅ ወረዳ ልጆች።

ረ) የወጪ መጋራት ውል ልጁ በሚገባው ቋንቋ ይጻፍ፤ ከመፈረሙ በፊት ይነገረው፤ አንድ ኮፒ በእጁ ይሰጠው።

ከእነዚህ ስድስቱ ውስጥ አንድስ እንኳ ሰማይ ጠቀስ ገንዘብ የሚጠይቅ አለ? አምስቱ ወረቀትና ፈቃድ ብቻ ናቸው። ስድስተኛው አውቶቡስ ነው፤ አውቶቡሱም አለ።

አሁን ወደ ራሳችን። ጓዶች፣ ሁሉንም በሚኒስቴሩ ላይ ጭነን መተኛት አይገባንም። አዲስ ተማሪ ብርድ ልብሱን ተሸክሞ ከበሩ ሲገባ የመጀመሪያው ሳቅ የማን ነው? የእኛ ነው። «ፍሬሽ መጣ!» ብሎ አቅጣጫ አሳስቶ፣ የሌለ ብሎክ እንዲፈልግ ልኮ፣ ከዚያ ካፌ ተቀምጦ መተረክ ቀልድ ተደርጎ ተይዟል። ቀልዱ ያቺን «አይስተናገድም» የምትለዋን ቃል በእኛ አፍ መድገም ነው። ይልቅ መናኸሪያ ወርደን እንቀበላቸው። በየወረዳው ቋንቋ የሚናገር ሰው ሰልፉ አጠገብ ይቁም። ፎርሙን የሚያስረዳ፣ ውሉን የሚያነብ፣ አጻጻፉ የተለያየበትን ስም ይዞ ከሬጅስትራር ጋር የሚሟገት ታላቅ ይኑራቸው። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ስብሰባ አይጠይቅም፣ ፈቃድም አይጠይቅም።

የመሰላ ልጅ ከመቶ ተፈታኝ መካከል ካለፉት ጥቂቶች አንዱ ነው። አልለመነም፣ አልሰረቀም፣ አልኮረጀም። የሚፈልገው ውለታ አይደለም፤ በላቡ ያገኘውን ቦታ ነው። በዚያ መስኮት በኩል የተቀመጣችሁ፣ በዚያ ማስታወቂያ ሥር የምትፈርሙ ሁሉ፣ የሚመጣው ዓመት ማስታወቂያ ሲታተም የመጨረሻዋን መስመር አንድ ጊዜ ደግማችሁ አንብቡ። ቃሏን ሰርዙና በቦታዋ ይህን ጻፉ፦

ይስተናገድ!